አልተገኘም

እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች አንድ ቃል አለን የምንፈራው፤
ሕፃን እንኳ በጨዋታ አፉን ሞልቶ የማይጠራው።
ጀልባ ከሎልዌ ሆድ ባዶዋን ስትመለስ፣
ፈላጊዎች ሦስት ቀን ቀዝፈው፣ ክንዳቸው እስኪዝል ድረስ፣
እናት ከአሸዋው ቆማ ዓይን ዓይናቸውን ስታይ፣
አንዱ ይናገራል ቀስ ብሎ፣ መሬቱን እንጂ እሷን ሳያይ፦
«አልተገኘም።»

ታላቄ ኦኬዮ እንዲህ ነው የቀረው።
ጨረቃ ባልወጣችበት ሌሊት ኦሜናን፣ ትንሹን ዓሣ፣ ሊያባብል፣
ፋኖሱን አብርቶ ወጣ። ንፋስ ነበር፤ ማዕበል።
ፋኖሱ ተገኘ፣ መስታወቱ እንኳ ሳይሰበር።
ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሌሊት አትዘጋም በር።

እኔም መረብ ጠላሁ። ጀልባዬን ሥራ ለወጥኩላት፤
ማክሰኞ ማክሰኞ ማለዳ ደም ነው የማስጭናት።
ነርስ ንያክዋካ ከምፋንጋኖ ጤና ጣቢያ ትወርዳለች፣
ሰማያዊውን የበረዶ ሳጥን ከእግሬ መሃል ታኖራለች።
አርባ ብልቃጥ፤ ስም የለው፣ ቁጥር ብቻ ተጽፎበት፤
የሰባኪውም፣ የዓሣ ነጋዴዋም፣ የሁሉም እኩል ቀልቶበት።
ማዶ፣ ምቢታ ላይ፣ ባለሞተር ብስክሌቱ ይረከበኛል፤
ከላብራቶሪው የመጣውን ወረቀት በሳምንቱ ይመልስልኛል።

ስድስት ዓመት እንዲህ ስመላለስ አንድ ቀን ጠየቀችኝ፦
«ኦቡያ፣ ያንተስ ደም?» ሳቅ አመለጠኝ።
«እህቴ፣ ፖስተኛ ለራሱ ደብዳቤ ይጽፋል ወይ?»
«አይጽፍም» አለች፤ «የመጣለትን ግን ሳይከፍት ያድራል ወይ?»

ጣቴን ወጋች። ጠበቅን። ውጭ አንድ ሰው መረብ ይሰፋል።
ሁለት ቀይ መስመር፣ እንደ ሁለት መቅዘፊያ፣ ጎን ለጎን ተጋድሟል።
በሌላ መመርመሪያ ደገመችው። ያው ነው።
«ነገ» አላለችም፤ የመጀመሪያዋን ክኒን በዚያው ሰዓት
ከመዳፌ አኖረች፤ ኦኬዮን በዋጠ ውሃ፣ ተፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ዋጥኳት።

ሚስቴ አፖንዲ ሰምታ ዝም። የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች።
በማግስቱ ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ ሄዳ ተመረመረች።
አንድ መስመር ብቻ።

እኔ ሰሌኔን ጠቅልዬ ወጣሁ፣ ከጀልባዬ ላይ ላድር።
ነርሷ ናት የመለሰችኝ፣ ይዛ ረጅም ነገር፦
«አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት፣
ብዙ ጥንዶች ለጥናት ደማቸውን ሰጡ፣ ዓመት በዓመት፤
መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ቫይረሱ ከመለኪያ በታች የወረደለት ሰው
አልጋ ለሚጋራው አያስተላልፍም። ይህን ነው ያገኙት፣ አንድ በአንድ ቆጥረው።
እስከዚያ ኮንዶም። ለእሷም መከላከያ ክኒን አለ።»
መደርደሪያችን ላይ ብልቃጥ ከብልቃጥ ጎን ተጠለለ፤
የእኔ ሊያስታግስ፣ የእሷ ሊጠብቅ።

በስድስተኛው ወር ሳጥኑ ውስጥ አርባ አንድ ነበሩ።
መሃል ሐይቅ ላይ ንፋስ መታኝ፤ ሳጥኑን በጉልበቴ አቀፍኩ።
የትኛው የእኔ እንደሆነ ስላላወቅኩ፣
አርባ አንዱንም እንደ ራሴ ያዝኩ።

ወረቀቱ መጣ። ንያክዋካ ገልጣ አነበበች፦
«አልተገኘም።»
ጉልበቴ ከዳኝ፤ ፋኖሱ ታየኝ፤ እናቴ ከአሸዋው ቆመች።
ነርሷ ቆይቶ ገባት። ትከሻዬን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፦
«የጠፋው እሱ ነው፤ አንተማ ይኸው አለህ» አለች።
«ደግሞ አልሞተም፤ ከሥር ነው። ክኒኑን ብትተው ይነሣል፤
ሐይቁስ ስንቱን የዋጠውን መልሶ ከዳር ይጥላል?»

ማታ ለአፖንዲ ቃሉን ነገርኳት፣ እንዳለ።
መጀመሪያ ጮኸች፤ ለካ እሷም የሐይቅ ዳር ልጅ ናት።
ኋላ ነው የሳቀችው፤ ሳቋ ረዘመ፣ እንባ እስኪቀድማት።
እናቴ ሳቃችንን ሰምታ በጨለማው ብቅ አለች፦
«ተገኘ እንዴ?»

መልስ አጣሁ።

በማክሰኞው ብልቃጡ አርባ ሦስት ሆኗል። የማን እንደሆኑ አልጠየቅኩም።
ሞተሩን ሳብኩት። ጎህ ሳይቀድ ከቤት ስወጣ በሩን አልዘጋሁትም።